ፊቷን ሸፍነን ሰፈሯን አሳየን

ልደታ በሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጥቃት ለደረሰባቸው ሕፃናት ተብሎ የተለየ ክፍል አለ። አሻንጉሊት አለበት። ልጅቷ ከአንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ጋር እዚያ ትቀመጣለች። ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጠበቃውና ተከሳሹ ያሉት በሌላው ክፍል ነው። ዳኛው የሚጠይቁት በማዳመጫ ለባለሙያዋ ይደርሳታል፤ እሷም ጥያቄውን ልጅ በሚገባው ቋንቋ፣ ቀስ ብላ፣ አንዳንዴም አሻንጉሊቱን እያስያዘች ታቀርበዋለች። ልጅቷ ስትመልስ ካሜራው ይቀበላል፤ ችሎቱ በቴሌቪዥን ያያታል። ልጅቷ ግን የጎዳትን ሰው አታየውም።

እዚያ ያለው ዕቃ ካሜራ፣ ማይክ፣ የጆሮ ማዳመጫና ስክሪን ነው። እኛ ጋዜጠኞች ስቱዲዮ ውስጥ ካለን የሚለይበት አንድም ነገር የለውም። ፍርድ ቤቱ በዚህ ዕቃ ልጅን ይሰውራል፤ እኛ በዚሁ ዕቃ ልጅን ለአገር እናወጣለን። የምናወጣትም አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም፤ እንዲያውም በጣም አዝነንላት ነው።

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ኤዲተር ነበርኩ። አንድ ባልደረባዬ ረቡዕ ማታ ለሚተላለፈው ማኅበራዊ ዝግጅታችን የአንዲት የ11 ዓመት ልጅ ቃል ቀድቶ መጣ። የደፈራት የአክስቷ ባል ነው። እናትየዋ «ሌላው ሰው ይማርበት» ብላ ፈቅዳለች። እኛም የምናውቀውን ጥንቃቄ ሁሉ አደረግን። ስም አልጠራንም። የሰፈሩን፣ የትምህርት ቤቱን ስም ቆርጠን አወጣን። ድምፁን በኮምፒውተር አወፈርነው፤ ልጅቷ ጉንፋን የያዘው ጎረምሳ መሰለች።

ግን ልጅቷ ኮልታፋ ነበረች። «ር»ን «ል» ትላለች። «በሉን ዘጋው» የምትልበት ቦታ ላይ ስንደርስ ስቱዲዮ ውስጥ የነበርነው ሦስታችንም ዝም አልን። ቴክኒሻኑ ዞር ብሎ አየኝ። «ይቺን እንዳትነካት» አልኩት።

ከጀርባዋ ደግሞ ወፍጮ ቤት ነበር። ቱክ ቱክ ቱክ እያለ፣ አንዳንዴም እየተንተፋተፈ፣ ቃለ ምልልሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያጅበዋል። ባልደረባዬ «ድባብ ይሰጠዋል» አለ፤ ተስማማሁ። ረቡዕ ማታ ተላለፈ። ስልኩ አላሳርፍ አለን፤ የሚያለቅሱ እናቶች፣ «ስጡኝና በእጄ ልግደለው» የሚሉ አባቶች። በማግሥቱ አለቃችን አመሰገነን። አርብ የሆነውን ኋላ እመጣበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጣቢያው በዝቷል፤ ዕቃው ረቅቋል። ልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃት ዱሮ ብዙም የማይነሳ ጉዳይ ነበር፤ ዛሬ ሳይነሳ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አሠራራችንን ልብ ብሎ ላየው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የልጅቷ ፊት ይደበዝዛል፤ እናቷ ግን በሙሉ ፊቷ ትቀርባለች። ካሜራው በግቢው በር ይገባል፤ የቆርቆሮ አጥሩን፣ የተሰጣውን ልብስ፣ የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ሳይቀር ያሳያል። ጎረቤት ስሙ ተጽፎ ይናገራል። ያን ሁሉ አይቶ ልጅቷን የማያውቃት የሌላ ከተማ ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ቢያውቃትም ባያውቃትም ምንም አያደርጋትም። ልጅቷ የተደበቀችው ሊጎዳት ከማይችለው ሰው ነው፤ ነገ ሱቅ ስትላክ ከሚያያት ሰው ግን አልተደበቀችም።

ሁሉም አንባቢ የሚያስታውሰውን ጉዳይ ላንሳ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ ተደፍራ የተገደለች የ7 ዓመት ሕፃን ዜና አገሩን አናወጠው። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ አንባቢው ያለ እኔ ርዳታ ያውቀዋል፣ ማወቁ ራሱም የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ወንጀሉ የተፈጸመው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2015 ክረምት ነበር። አድራጊው ተይዞ፣ ተከሶ፣ 25 ዓመት ተፈርዶበታል። አገር የሰማው ግን ፍርደኛው ይግባኝ ብሎ፣ የእናቲቱም ጩኸት አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያማ ማን ሊይዘው! ከ200 ሺህ በላይ ሰው ፍትሕ እንዲሰጥ በኢንተርኔት ፈረመ፤ የሕፃኗ ፎቶ ያልወጣበት ስክሪን አልነበረም።

እናቲቱ ባትናገር ኖሮ ማናችንም ባልሰማን ነበር። ስለዚህ «ለምን ተናገረች፣ ለምን ፎቶዋን አሳየች» የሚል ሰው ካለ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ልጇን የቀበረች እናት የልጇን ስም የመጥራት መብት አላት፤ ማንም የጋዜጠኝነት መመሪያ ያንን አይነጥቃትም። የእኔ ጥያቄ ለጣቢያዎቹ ነው። ያ አንድ ዓመት ሙሉ ክሱ ሲሰማ፣ ምስክር ሲቀርብ፣ ፍርድ ሲሰጥ፣ አንድ ዘጋቢ እንኳ ችሎቱ ጀርባ ያልተቀመጠው ለምንድን ነው? መልሱን በሙያው ያለን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሪፖርተር ስብሰባ ይላካል፣ ምረቃ ይላካል፤ ፍርድ ቤት በቋሚነት የሚውል ሰው የሚመድብ ጣቢያ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የምንደርሰው ሁልጊዜ ለቅሶው ላይ ነው። ለቅሶ ደግሞ በቴሌቪዥን ያምራል።

ለቅሶ ላይ የደረሰ ሰው ሕጉን አይጠይቅም። በዚያ ሰሞን «25 ዓመት ብቻ?» የሚለው ቁጣ በየጣቢያው ተስተጋባ። የወንጀል ሕጉ ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅን የደፈረ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ በአንቀጽ 627 ይደነግጋል፤ ግድያ ሲጨመርበት የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይግባኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ይህን ቁጭ ብሎ ለማስረዳት የሕግ ባለሙያ ጋብዞ ሩብ ሰዓት መስጠት በቂ ነበር። እኔ በዚያ ሰሞን ካየሁትና ከሰማሁት ውስጥ ይህን ያደረገ ጥቂት ነው። ማጀቢያ ሙዚቃው ግን በሁሉም ዘንድ ነበር።

ማጀቢያ ሙዚቃ ካልኩ፣ ስለ ቃላቱም ትንሽ ልበል። ሬዲዮ ላይ «ክብረ ንጽሕናዋን ገሰሰ» የሚል ሐረግ ዛሬም አልጠፋም። ጨዋ ለመሆን ብለን የምንጠቀምበት አነጋገር ነው። ነገር ግን ምን እንደሚል እንስማው፦ ልጅቷ ክብር ነበራት፤ አሁን የላትም። የስምንት ዓመት ልጅ ክብሯን እንዳጣች የሚያውጅላት ዜና አንባቢ ነው ማለት ነው። «ተደፈረች» የሚለውም ሌላ ጣጣ አለው። አማርኛችን አድራጊውን መደበቅ ሲፈልግ ይችልበታል፤ «ተ»ን ከፊት ይጨምርና ሰውየው ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይጠፋል። «የስምንት ዓመት ሕፃን ተደፈረች»፤ ማን ደፈራት? ዝናብ ወረደ እንደማለት ነው። ከዚያ አድራጊው ብቅ ሲል ደግሞ ሰው አይደለም፤ «ሰው መሳይ አውሬ» ነው። ወይ የለም፣ ወይ አውሬ ነው። አጎት፣ አከራይ፣ መምህር፣ የእንጀራ አባት፣ ሰፈሩ «ጋሼ» ብሎ የሚያከብረው ሰው ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነው። እናት ልጇን ከአውሬ ትጠብቃለች፤ ከጋሼ እንድትጠብቃት ግን ማን ነገራት?

የፖሊስ ፕሮግራሞችን ሳናነሳ አናልፍም። በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ለዓመታት የዘለቁ፣ ብዙ አድማጭ ያላቸው ዝግጅቶች ናቸው፤ እኔም ልጅ ሳለሁ ምግብ ትቼ አዳምጣቸው ነበር። ተራኪው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ «ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ነበር» ይላል፤ ከዚያ ወንጀሉን ደረጃ በደረጃ፣ በየትኛው በር እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደነበር፣ ልጅቷ ምን ብላ እንደለመነችው ሳይቀር ይተርካል። በመጨረሻ ተጠርጣሪው እጁ በካቴና ታስሮ ማይክ ይቀርብለታል። «ምን ነክቶህ ነው?» «ሰይጣን አሳስቶኝ።» ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪለው ድረስ ንጹሕ ነው የሚለው ሰው ነው እንግዲህ ይሄ። እሱም ይቅር፤ የኔ ጭንቀት ስለ ልጅቷ ነው። ልጅን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ የምታውቀው ሰው ነው። የአባትን ፊት ማሳየት የልጅን ፊት ማሳየት ነው። የእሷን ፊት አደብዝዘን የእሱን በትልቁ ስናወጣ፣ የሰፈሩ ሰው እሱን አይቶ እሷን ያገኛታል። ይህን የማያውቅ ጋዜጠኛ ያለ አይመስለኝም። አውቀን ነው የምናደርገው፤ ፊት የሌለው ዜና አይታይም ስለምንል።

የሚገርመው፣ የእኛው ሕግ ከዚህ የተሻለ ያስብ የነበረው ገና በንጉሡ ዘመን ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በወንጀል የተከሰሰን ልጅ ጉዳይ ችሎቱ በዝግ እንዲያየው ያዛል። ያጠፋ ልጅ ማለት ነው። ያጠፋውን የሚሰውር ሕግ ከ60 ዓመት በላይ በኖረበት አገር የተጎዳችውን ማታ በዜና ሰዓት እናቀርባታለን።

እስካሁን ያወራሁት ጥቃት ተብሎ ስለቀረበው ነው። ጥቃት ሳይባል የሚቀርበው ይበልጣል።

ባለፈው ዓመት የበዓል ዝግጅት እያየን ነበር፤ ቤቱ ሙሉ ነው፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የተጋበዘው ሰው የታወቀ አርቲስት ነው። አዘጋጇ «እስቲ የልጅነት ገጠመኝ» አለችው። በርበሬ የታጠነበትን ቀን አወራ። ምን እንደሰረቀ፣ እናቱ እንዴት እንደያዘችው፣ ነጠላ አልብሳ ከሰሉ ላይ በርበሬውን እንዴት እንደበተነችው፣ ዐይኑ ስንት ቀን እንዳበጠ፣ ጎረቤት ገብቶ ባያስጥለው ኖሮ «ዛሬ እዚህ አታገኙኝም ነበር» አለ። ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። አዘጋጇ ዐይኗን በሶፍት እየጠረገች «ግን እኮ ለዚህ ያበቃህ እሱ ነው» አለችው፤ «እውነት ነው፣ እማዬን እግዜር ይስጣት» አለ፤ ተጨበጨበ።

እኛም ቤት ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ያልሳቀው የእህቴ ልጅ ብቻ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «ጋሼ፣ መታጠን ማለት ምንድን ነው?» አለኝ። እህቴ ቀደም ብላ «አንተም ካስቸገርክ ታየዋለህ» አለችው፤ እንደገና ሳቅን።

ይህን ትዕይንት በየበዓሉ፣ በየቶክ ሾው፣ በየአስቂኝ ድራማው ታገኙታላችሁ። ኩርኩም ሲያርፍ የሚሰማ የ«ቱንግ» ድምፅ ይጨመርበታል። የጭን ቁንጥጫ፣ ልምጭ መቁረጥ፣ በጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ አለንጋ፤ ሁሉም የጨዋታ ማድመቂያ ነው። የሚተርከው ደግሞ ሁልጊዜ የተሳካለት ሰው ነው። ተገርፎ የተሳካለት ይጋበዛል፤ ተገርፎ ከቤት ጠፍቶ አውቶቡስ ተራ የሚያድረው አይጋበዝም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለው ስሌት ምንጊዜም ዱላው አዋጪ እንደሆነ ነው የሚያሳየው።

ሕጉም ቢሆን እዚህ ላይ ግልጽ ጎራ አልያዘም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና ልጅ በሚያሳድጉ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል፤ ቤትን አላነሳም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ልጅን ማጎሳቆልን ይቀጣል፤ ወላጅ ለተገቢ አስተዳደግ ብሎ ሕግን ሳይቃረን የሚወስደውን እርምጃ ግን ከዚህ ያወጣዋል። ቁንጥጫ የት ያበቃል፣ በርበሬ የት ይጀምራል? ይህ በሬዲዮ ለወራት ሊያነጋግር የሚችል ጥያቄ ነው። የሚያነጋግረን ግን አውሬው ነው። አውሬው ሩቅ ነው፣ አውሬው እኛ አይደለንም፤ በርበሬው ግን ከጓዳችን ነው።

ያለዕድሜ ጋብቻም እንዲሁ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 ከመቶ ያህሉ ያገቡት 18 ሳይሞላቸው ነው። ይህ ከየትኛውም የወንጀል ዜና የሰፋ ነገር ነው፤ ግን የሚቀረጽ ለቅሶ የለውም፤ እልልታ ነው ያለው። ስለዚህ ዜና አይሆንም።

እዚህ ላይ ከዜናው ይልቅ ድራማው ቀድሞናል ብል ባልደረቦቼ አይቀየሙኝ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ነበረው፤ ሁለት ዓመት ተኩል ከአንድ ቤተሰብ ጋር አብሮ መኖር ማለት ነው። በ2005 ዓ.ም. የጀመረው «የኛ» ደግሞ አምስት ልጃገረዶችን ይዞ ድራማ ያቀርብና ወዲያው በዚያ ላይ ያወያያል፤ ሳይፈልጉ መዳርን፣ በቤት ውስጥ የሚደርስ ዱላን፣ ጎዳና መውጣትን በልጆቹ አፍ ያናግር ነበር። ዋናው ነገር በድራማ ውስጥ የምትደበደበው፣ የምታለቅሰው፣ በሩ የሚዘጋባት ልጅ ተዋናይ መሆኗ ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ማንም በገበያ መሐል አይጠቁማትም።

ድራማም ቢሆን ግን ከእውነተኛ ሰው ሲነሳ ወደዚያው ችግር ይመለሳል። «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በ14 ዓመቷ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችን ልጅ እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገ ነው፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቁሞላት በነፃ የተለቀቀችበት ያ ጉዳይ በጠለፋ ላይ የነበረውን አስተሳሰብ ካናወጡት አንዱ ነው። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣ። አሳጋጇ ባለታሪኳ ራሷ ነበረች፤ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተሠራ ብላ። ነገሩ በኋላ ተፈታ፤ ፊልሙም ታየ። ያኔ ብዙ ሰው «እንዴት እንዲህ ላለ ጥሩ ፊልም...» ሲል ሰምቼ ነበር። እኔን ግን ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። በልጅነቷ የተናገረላት ሁሉ መልካም ሰው ነበር፤ ጠበቃው፣ ጋዜጠኛው፣ ፊልም ሠሪው። እሷ አድጋ፣ ትልቅ ሴት ሆና፣ ፍርድ ቤት ይዛው የሄደችው አቤቱታ ሲጠቃለል «እኔን ጠይቃችሁኛል?» የሚል ሆነ።

ያቺ ኮልታፋ ልጅስ? ብትኖር ዛሬ ሠላሳ ዓመቷ ነው። ማንም አልጠየቃትም፤ የጠየቅነው እናቷን ነው።

እናቷ አርብ ከሰዓት በኋላ መጣች። ጥበቃው ደውሎ «አንዲት እናት ይፈልጉሃል» ሲለኝ ልታመሰግን የመጣች መስሎኝ ነበር የወረድኩት። በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች። ቢሮ አስገብቼ ሻይ አስመጣሁላት፤ አልቀመሰችውም።

«ወንድሜ» አለችኝ፣ «ስሟን እንዳልጠራችሁ ሰምቻለሁ። አመሰግናለሁ። ግን ወፍጮ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ አወቃት። ወፍጮው እኮ የኛ ወፍጮ ነው፤ ሲያነክስ ያውቁታል።» ትንሽ ዝም አለች። «ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልጆቹ "በሉን ዘጋው፣ በሉን ዘጋው" እያሉ እስከ በራችን ተከትለዋት መጡ። ዛሬ አልሄድም ብላ ተኝታለች።»

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ባልደረባዬም መጣ፤ ሁለታችንም ቆመን ነበር፣ እሷ ተቀምጣ። ካሴቱን ስጡኝ አለች። ሰጠናት። «ሌላ የለም አይደል?» አለች። «የለም፣ እናቴ» አልኳት፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ካሴቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ሄደች። በር ድረስ ሸኘናት።

የረቡዕ ዝግጅታችን እሁድ ጠዋት ይደገም ነበር። የፕሮግራም ሠሌዳው ላይ ተጽፏል፤ ኮምፒውተሩ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ያስነሳዋል። እሁድ ጠዋት ቤቴ ልብስ እየተኮስኩ ሬዲዮው በርቶ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ወፍጮው ጀመረ።